የእማማ ወርቅነሽ ትንፋሽ

ባቡሩ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ዋሻው ውስጥ ቀጥ ሲል ሐይማኖት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ቆመችም ተቀመጠችም ባቡሩ ለእሷ ብሎ እንደማይንቀሳቀስ ታውቃለች፤ እግሮቿ ግን አልታዘዟትም። ጭኗ ላይ የነበረውን ሰማያዊ ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ አጠገብ ሄዳ ቆመች። እዚያ የተቀመጡ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ቀና ብለው አይተዋት የእጅ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

የምሳ ሰዓት እያለፈ ነበር። ሮም ዳርቻ፣ ሮማኒና በሚባል ሰፈር ባለው ቤቷ አማቷ እማማ ወርቅነሽ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው እየጠበቋት ነው። እማማ ወርቅነሽ የስኳር ሕመም አለባቸው። ከእያንዳንዱ ምግብ በፊትና ማታ ሲተኙ ኢንሱሊን መወጋት አለባቸው፤ የምትወጋቸው ደግሞ ሐይማኖት ብቻ ናት። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ሰውን በአካሄዱና በጥላው ይለያሉ እንጂ ኢንሱሊኑ ባለበት ብዕር መሰል መርፌ ላይ ያለችውን ደቃቃ ቁጥር ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው አሸብር፣ የሐይማኖት ባል፣ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ አድሮ ቀን ቀን ቤት ይተኛል። ለዚህ ጉዳይ ግን ቤት መኖሩም አለመኖሩም ያው ነው። አንድ ጊዜ እናቱን ልውጋ ብሎ መርፌውን ከእጁ ጣለና በረንዳ ላይ ወጥቶ አስታወከ። ከዚያ ወዲህ እሱም አልሞከረ፣ እሷም አልጠየቀችው።

ስለዚህ ሐይማኖት ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ቪቶሪዮ አካባቢ ቢሮዎች ታጸዳና ምሳ ሲቃረብ እየሮጠች ሜትሮ ትሳፈራለች። መጨረሻው ጣቢያ ወርዳ አውቶቡስ ትይዛለች። ገብታ ትወጋለች፣ ታበላለች፣ ከዚያ እሷም የቀረውን ቆማ ትበላለች። አማቷ ከአገር ቤት ከመጡ ጀምሮ ኑሮዋ ይኸው ሆኗል።

ስልኳ ጮኸ።

“ሐይማኖት? ኦርኔላ ነኝ።” የአንድ ትምህርት ቤት ሜንሳ ኃላፊ ናት፤ የተማሪዎቹን ምሳ የምታሰናዳ። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ይመጣል። “ስለማስጨንቅሽ ይቅርታ። ስለ ሥራው መልስሽን ግን እስከ ዛሬ ማታ እፈልገዋለሁ። ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።”

“ማታ እደውልልዎታለሁ ሲኞራ።”

“የልጆቹ ምሳ ነውና በምሳ ሰዓት ወጣ ብዬ ልመለስ የሚባል ነገር የለም። ይሄን ተነጋግረናል አይደል?”

“ተነጋግረናል።”

“ቫ ቤኔ፣ ጥሩ። አንቺን እፈልግሻለሁ፤ ይሄንንም እወቂልኝ።”

ሐይማኖት ስልኩን ዘግታ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ሮም ከመጣች ጀምሮ የሰው ወለል ነው ያጸዳችው፤ ኮንትራቱ ባለቀ ቁጥር ፔርሜሶዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ለማሳደስ ልቧ ተሰቅሎ ይከርማል። ይሄኛው የማያልቅ ኮንትራት ነው። ከኮንትራቱም በላይ ደግሞ ምግብ መሥራት ነው። አዋሳ ከተማ ሆቴል ውስጥ የተማረችው ሙያ እጇ ላይ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ለሙከራ ብለው አንድ ቀን ምስር በቲማቲም ሲያሠሯት፣ ኦርኔላ ቆማ ልትቀምስ መጥታ ሳትቀመጥ ሳህኑን ጨረሰችው። ሐይማኖት ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ለብቻዋ ትስቅ ነበር።

ተስፋዋ አሁን ያቀፈችው ቦርሳ ውስጥ ነው። በበረዶ ከረጢት የተጠቀለለ፣ በአፍ ወደ ውስጥ የሚሳብ ኢንሱሊን። የላከው የአሸብር ታናሽ ወንድም አባይ ነው፤ ቨርጂኒያ ይኖራል፤ ስኳር እሱንም ይዞታል። ራሱ በዚህ መድኃኒት ከመርፌ እፎይ ማለቱን ሲያወራ ጊዜ አይበቃውም። ከራሱ ድርሻ ላይ ቀንሶ፣ ሮም በዓለም አቀፍ የምግብ ድርጅት ለምትሠራ ሲኒት ለምትባል ወዳጁ አስይዞ ላከው። ሲኒት ከእረፍት ተመልሳ ዛሬ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያው በር ላይ አስረከበቻት። “በጣም ቀላል ነው አሉ” አለቻት መኪናዋን ሳታጠፋ። “ፊሽካ የምታህል ዕቃ ናት። መድኃኒቱ ያለባትን ካርትሪጅ ከተው መሳብ ብቻ።”

መሳብ ብቻ። ይቺ ቃል ናት ሐይማኖትን እንቅልፍ የነሳቻት። እማማ ወርቅነሽ ሌሊት ደረታቸው ያፏጫል። ወጣትነታቸውን በሙሉ ክር ፋብሪካ ውስጥ፣ ጥጡ እንደ ጉም በሚተንበት ክፍል ነው የጨረሱት። ሐይማኖት ከግድግዳው ማዶ ሳላቸውን ትሰማለች፤ ትራሱ አፍኖት ሲወጣ ትለየዋለች። ብርድ ነው ትላለች ለራሷ። የሮም ቤት እርጥበት አለው፤ ብርድ ነው።

ባቡሩ ነተር ብሎ ተንቀሳቀሰ።

* * *

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጥታ በሩን ስትከፍት እማማ ወርቅነሽ እንዳሰበችው ጠረጴዛው አጠገብ ነበሩ። ሁለት እጃቸውን ባዶ ሳህኑ ግራና ቀኝ አኑረዋል።

“ደረስሽ? እስቲ መጀመሪያ ተንፍሺ። የሚያሳድድሽ የለም።”

“ይቅርታ እማማ፣ ባቡሩ ቆሞብኝ ነው። አልራብዎትም?”

“የረሃብ ነገር ተዪው። አመጣሽው?”

አሸብር ፊቱ ላይ የትራስ ምልክት እንደታተመ ከመኝታ ቤት ወጣ። በእጁ የያዘው ስልክ ላይ የአባይ ፊት ይታያል።

“እማዬ!” አለ አባይ ከዚያ ማዶ። “ከመርፌ ተገላገልሽ! በይ አውጪውና አሳዪያት ሐይሚ፤ አሁኑኑ እንሞክረው።”

ሐይማኖት ፊሽካ መሳይዋን ዕቃ ከማሸጊያው አውጥታ እማማ ወርቅነሽ እጅ ላይ አኖረችላቸው። አሮጊቷ በጣታቸው ዳሰሷት፤ አገላበጧት።

“ይቺ ናት? ይቺን የምታህል?”

“እሷው ናት” አለ አባይ። “ጥቅ አድርገሽ ትዘጊያታለሽ፤ ትስቢያለሽ፤ አለቀ። ማንንም መጠበቅ ቀረ።”

“ተባረክ ልጄ። ማንንም መጠበቅ ቀረ” አሉ እማማ፤ ሲሉም ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ ሐይማኖት ነበር።

“ከሰዓት ሐኪም ጋ ቀጠሮ አላቸው” አለች ሐይማኖት። “ዶክተሯ ሳታውቅ አይሆንም።”

“ምን ሐኪም ያስፈልገዋል? እዚህ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ነው!”

“ለአንተ ያዘዘልህ ሐኪም አይደለም እንዴ? ሳንባህን ለመመርመርስ በማሽን አላስነፉህም መጀመሪያ?”

“አዎ፣ አስነፍተውኛል። ለወጉ ነው እሱ።”

“እንግዲያው እኛም ለወጉ እናስነፋ።”

አሸብር ስልኩን ይዞ በረንዳ ላይ ወጣ፤ መርፌ ሊወጣ መሆኑን ሲያውቅ ሁልጊዜም የሚወጣበት ሰበብ አያጣም። ሐይማኖት ብዕሩን ከፍሪጅ አጠገብ ካለው መደርደሪያ አነሣች፤ አዲስ መርፌ አጠለቀችበት፤ ቁጥሩን አዞረች። የእማማን ሆድ በሁለት ጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ ወጋች።

“ሥራውን እንዳትለቂው” አሉ እማማ፣ መርፌው ገና ሳይወጣ።

“የቱን ሥራ?”

“የምግቡን። ከአሸብር ጋ ስታወሩ ሰምቻለሁ። ግድግዳው ስስ ነው እኮ ልጄ።”

ሐይማኖት መርፌውን ነቀለችና ወጥ ልታሞቅ ተነሣች። ግድግዳው ስስ መሆኑን እሷም ታውቃለች።

* * *

ከሰዓት ክሊኒኩ ሰው ጢም ብሎበት ነበር። ሐይማኖት ቁጭ አለች፤ ተነሣች፤ ተራ የሚያሳየውን ሰሌዳ አየች፤ እንደገና ቁጭ አለች። እማማ ወርቅነሽ ከሹራባቸው ኪስ የተላጠ ዝንጅብል አውጥተው በዝግታ ያኝካሉ። ሳል ሲመጣባቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ትከሻቸው ብቻ እርግፍ ይላል። ሐይማኖት አየቻቸው። እሳቸውም መታየታቸውን ያወቁ ይመስል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ዶቶሬሳዋ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ዕቃዋን ከነማሸጊያው አንሥታ አገላብጣ አየቻት።

“ስለዚህ ነገር አንብቤያለሁ” አለች። “እዚህ ግን አይሸጥም፤ ላዝላቸው አልችልም። ከየት አገኛችሁት?”

“ልጃቸው ነው የላከው።”

“አሎራ፣ እንግዲህ። እኔ አይሆንም ብል ቤት ገብታችሁ ትሞክሩታላችሁ፤ አይደል?”

ሐይማኖት ወለሉን አየች።

“እንግዲያው ባውቅ ይሻላል። ጠይቂልኝ። ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ? አስም አለባቸው? የቆየ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር? አቧራ ያለበት ሥራ ሠርተዋል?”

ሐይማኖት አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለሰችው። እማማ ወርቅነሽ እስክትጨርስ አልጠበቁም።

“ምንም የለብኝም በያት።”

“የክሩ ቤትስ?” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“የምን ክር? እኔ ልጆች ያሳደግሁ የቤት እመቤት ነኝ በያት።” ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ያዙት። ጣቶቻቸው ጠንካሮች ናቸው። “በያት፣ ልጄ። እኔ ነኝ የምልሽ።”

ዶቶሬሳዋ ሁለቱንም በየተራ ታያቸዋለች። ትልልቆቹ ድስቶች፣ የሜንሳው ነጭ ሽርጥ፣ የኦርኔላ “አንቺን እፈልግሻለሁ” ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ደግሞስ የራሳቸው ቃል አይደል? እሷ አስተርጓሚ ናት። የተባለችውን ነው የምታደርሰው።

“ኖ” አለች። “ምንም የለባቸውም ይላሉ።”

ዶቶሬሳዋ አንገቷን ነቅንቃ ኮምፒውተሯ ላይ መጻፍ ጀመረች። ከጠረጴዛው ሥር የእማማ ወርቅነሽ እጅ ላላ። ጉልበቷን ለቀቀና መታ፣ መታ አደረጋት፤ ሕፃን ጎሽ እንደሚባለው። ያን ጊዜ ለሐይማኖት ገባት። አሮጊቷ ሊያመሰግኗት ነው። ትንፋሻቸውን ለእሷ ሰጥተው፣ ስለተቀበለቻቸው እሳቸው ያመሰግኗታል።

“ዶቶሬሳ፣ ይቅርታ” አለች። “ልክ አልነገርኩዎትም። ያስላሉ። ሌሊት ደረታቸው ያፏጫል። ወጣት ሳሉ ብዙ ዓመት የጥጥ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል።”

በጣሊያንኛ ነው የተናገረችው። ግን ፋብሪካ በጣሊያንኛም ፋብሪካ ነው። እማማ ወርቅነሽ ቃሏን ሰሙ። እጃቸውን ከጉልበቷ ላይ አንሥተው የራሳቸው ጭን ላይ አኖሩ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሐይማኖት አልዞሩም።

ነርሷ አፍንጫቸውን በመቆንጠጫ ይዛ ቱቦ አፋቸው ውስጥ ከተተችላቸው። ንፉ ስትላቸው እማማ ያላቸውን ኃይል ሁሉ፣ በእልህ ጭምር፣ ነፉ። በማሽኑ ላይ የሚወጣው መስመር ግን ትንሽ ወጣ ብሎ ተንጋደደ። እንደገና ነፉ። በሦስተኛው ላይ ቀኑን ሙሉ አፍነው የያዙት ሳል አመለጣቸው፤ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ አሳሉ። ነርሷ ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

ዶቶሬሳዋ ወረቀቱን አይታ ዕቃዋን ወደ ሐይማኖት ገፋ አደረገች።

“ለእሳቸው አይሆንም። ለጤነኛ ሳንባ የሚሆን ነገር ነው። እሳቸው ቢስቡት የአየር ቧንቧቸው ሊጠብና ትንፋሻቸው ሊዘጋ ይችል ነበር። ደግሞ ይሄን የነገራቸው ሰው እንዳለ እንጃ፦ የምግብ ሰዓቱን ነው እንጂ የመኝታውን መርፌ እኮ አያስቀረውም።”

ሐይማኖት ሁሉንም ተረጎመችላቸው። አንድም ቃል አላስቀረችም። እማማ ወርቅነሽ መጨረሻው ላይ ብቻ፣ ለማንም ሳይሆን፣ “የማታው ላይቀር ኖሯል?” አሉ። ለሳንባ ሐኪም የሚያደርስ ወረቀት ተጽፎላቸው ወጡ።

* * *

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ እማማ ወርቅነሽ ተቀመጡ። አልነሣም አሉ።

“አውቶቡስ ያመልጠናል እማማ።”

“ያምልጥ። አንቺን ዕድል ሲያመልጥሽ አልሮጥሽ።”

ሐይማኖት ከፊታቸው ወዲያና ወዲህ አለች። “ትንፋሽዎ ቢዘጋስ? እኔ ሥራ ላይ ሆኜ፣ አሸብር ተኝቶ?”

“ቢዘጋ የኔ ነው! ዓይኔ ቢፈዝ ጆሮዬ ደህና ነው። ደረጃውን ስትወጪ ከታች ጀምሮ ኮቴሽን እሰማለሁ። በየቀኑ ትሮጫለሽ። ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር እንጀራ ሳይሆን የሰው ዕድሜ የምበላ ይመስለኛል። አንድ ነገር ላድርግላት ብል ሐኪም ፊት አሳፈርሽኝ።”

“እኔም ሥራውን እፈልገዋለሁ!” አለች ሐይማኖት። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ፤ በአጠገባቸው የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ አየ። “እንዴት እንደምፈልገው አያውቁም። መጀመሪያ ‘ኖ’ ብያታለሁ እኮ፤ ሰምተዋል። ሌሊት ሲያስሉ እሰማለሁ። ትራስ ሲነክሱ ሁሉ አውቃለሁ። ብርድ ነው እያልኩ ተኝቻለሁ። ስለፈለግሁት።”

እማማ ወርቅነሽ ከአጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው ዳበስ አደረጉላት። ሐይማኖት ተቀመጠች።

“ታዲያ ምን ሐሳብሽን አስለወጠሽ?”

“ጉልበቴን መታ መታ ሲያደርጉኝ።”

“ወይ ጉድ!” አሮጊቷ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሊሄድ ሲል ቶሎ ያዙት፤ ቀጥሎ ግን ምን ያስይዘኛል እንዳሉ ሁሉ ለቀቁትና እስኪበቃቸው አሳሉ። ሐይማኖት ጀርባቸውን እያሸች ጠበቀቻቸው።

“ስሚ” አሉ ዓይናቸውን በሹራባቸው እጅጌ እየጠረጉ። “አገር ቤት ሳለሁ የጎረቤት ነርስ ትወጋኝ ነበር። እዚህ አንቺ ትወጊኛለሽ። ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ‘እንኪ ራስሽ ያዢው’ ብሎኝ አያውቅም።”

“ቁጥሩ አይታይዎትም ብለን እኮ ነው።”

“ስታዞሪው ቀጭ ቀጭ ይል የለም እንዴ? እሰማዋለሁ። አብሬሽ እቆጥራለሁ።”

“ቢሳሳቱስ? በዝቶ ቢገባ እኮ ስኳርዎ ወርዶ ራስዎን ይስታሉ። ጨዋታ አይደለም።”

“አሸብር ለምን ጎለትነው? የሚንቀጠቀጠው እጁ ነው፤ ዓይኑ አይንቀጠቀጥ። ተነሥቶ ቁጥሩን ይይልኝ።”

ሐይማኖት ቦርሳውን ይዛ ተነሣች። ይሄ ሁሉ ሩጫ፣ ከአሜሪካ የመጣው ቦርሳ፣ ውሸቱ፤ አንድም ቀን እኚህን ሴት ምን ይችላሉ ብላ እንዳልጠየቀቻቸው አሁን ነው የገባት።

“ይነሡ” አለች። “ነርሷ ሳትወጣ እንድረስባት።”

ነርሷ ካፖርቷን አንድ እጅጌ ለብሳ ነበር ያገኟት። ልጄን ከትምህርት ቤት ማውጣት አለብኝ፣ ሌላ ቀን ኑ አለች። ሐይማኖት በሩ ላይ እንደቆመች፣ አማቷ ራሳቸውን መውጋት መማር እንደሚፈልጉ፣ ዓይናቸው ደካማ እንደሆነ፣ ድምፁን ግን እንደሚሰሙ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ነርሷ እማማ ወርቅነሽን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ካፖርቷን አወለቀች።

ውሃ የያዘ የመለማመጃ ብዕርና ሆድ እንዲመስል የተሠራ ለስላሳ ጎማ አመጣች። በመጀመሪያው ሙከራ ውሃው የነርሷ እጅጌ ላይ ተረጨ። በሁለተኛው እማማ ቶሎ ነቀሉት፤ ውሃው ጎማው ላይ ኩልል አለ። “ፒያኖ፣ ፒያኖ” ትላቸዋለች ነርሷ፤ “ቀስ ይበሉ ትላለች” ትላለች ሐይማኖት። “ገብቶኛል፣ ቋንቋ አያስፈልገውም” ይላሉ እማማ። በኋላ ሲሳካላቸው ነርሷ ብዕሩን ለሐይማኖት ሳይሆን ለእሳቸው መልሳ አቀበለቻቸው፤ እንደገና፣ እንደገና እያለች። በመጨረሻም ወደ ሐይማኖት ዞራ፣ መጠኑን ሌላ ሰው በዓይኑ ሳያረጋግጥ እንዳይወጉ፣ ከወጉ በኋላም ወዲያው እንዲበሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው እንዲያሳዩዋት አስጠነቀቀች።

* * *

ቤት ሲገቡ አሸብር ለሌሊቱ ሥራ ቦት ጫማውን እያሰረ ነበር። ሐይማኖት ወጡን ጥዳ እያማሰለች የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ማሰሪያውን በእጁ እንደያዘ ሰማት።

“እኔ እያየሁ እማዬ ራሷን ልትወጋ?”

“አንተ ቁጥሩን ብቻ ነው የምታየው። መርፌውን አትነካም።”

“እማዬ፣ ለእኔ ይሄን—”

“አንድ ኩንታል የምትሸከም ሰው” አሉ እናቱ፤ “ቁጥር አይተህ ፊትህን አዙር። ሌላ ምን አልኩህ?”

አባይ ደወለ። የሳንባቸውን ነገር ሲሰማ መጀመሪያ አልተዋጠለትም። ከራሴ ላይ ቀንሼ ነው እኮ የላክሁት፣ ጣሊያናዊቷ ሐኪም ስለማታውቀው ነው አለ። እማማ ወርቅነሽ ስልኩን ተቀበሉ።

“አባይ፣ ደህና አድርገህ ስማኝ። መድኃኒትህ ይመለስልሃል። አንተ ሳበው፤ ለአንተ ይስማማሃል። አንተ የተማርክበትን ጥጥ የዋጥኩት እኔ ነኝ።”

አባይ ሲናገር ድምፁ ተለውጦ ነበር። “ለምን ነግረሽን አታውቂም እማዬ?”

“ማን ጠየቀኝ? በል ራት ሊቀርብ ነው።”

ሐይማኖት ሳህኖቹን ደረደረች። እማማ ወርቅነሽ እጃቸውን ታጥበው መጡና ብዕሩን ተቀበሉ። አዲሱን መርፌ ለማጥለቅ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ሐይማኖት እጇ ሳታዝዘው ወደ እሳቸው ሲሄድ አየችና መልሳ ከጉያዋ ከተተችው። አሮጊቷ ብዕሩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ማዞር ጀመሩ። ቀጭ፣ ቀጭ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አቆሙና ወደ ልጃቸው ዘረጉት።

አሸብር ጎንበስ ብሎ አየ። “አንድ ይበልጣል።”

“ምን አልክ?”

“አንድ ይበልጣል እማዬ። ወደ ኋላ መልሺው። እ… አሁን ልክ ነው።”

ሐይማኖት ቁጥሩን በልቧ ደገመችው። አንድ። ነገ እሷ የልጆች ሾርባ እያማሰለች አንድ ይበልጣል። ከነገ ወዲያ አሸብር እንቅልፍ ጥሎት ሁለት ሲበልጥ ሳያየው ያልፋል። ይተዉት፣ እኔ ልውጋዎት ልትል አፏ ላይ ደረሰ። እንዲህ ብትል ሁሉም እንደ ትናንቱ ይሆናል፤ ማንም አይከፋም፤ እሷም መሮጥ ታውቅበታለች።

እማማ ወርቅነሽ ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው ሆዳቸውን ቆንጠጥ አደረጉ። አሸብር እንደተባለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ግን አልወጣም። መርፌው ቆዳቸው አጠገብ ደርሶ ቆመ። አልወረደም፤ አልተመለሰም።

“ሐይማኖት” አሉ ቀና ሳይሉ። “ትንፋሽሽን ይዘሽብኛል። እሰማዋለሁ።”

ሐይማኖት ትንፋሿን ለቀቀች። ስልኳን ከመደርደሪያው አነሣችና እሺ ልትላት የኦርኔላን ስም ፈልጋ ተጫነችው። መጥራት ሲጀምር ወደ ደረጃው ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።